የጨዋታ ደንብና የሰማይ ጠባይ



በዛሬው ንግግሬ ላነሣላችሁ ያሰብሁት ጉዳይ በኳስ ሜዳ ዙሪያ ዘወትር የሚሰማውን ክርክር የሚመለከት ነው። ይህ ክርክር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ተጫዋቹ የያዘው መሣሪያ ወይም የተጫወተበት አኳኋን በደንቡ የተፈቀደ ነው ወይስ የተከለከለ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ዳኛው በፀሐይ ወይም በዝናብ ምክንያት ጨዋታውን ማቆሙ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። ሁለቱም ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚደረጉ ይመስላሉ። በደንብ ሲመረመሩ ግን የመጀመሪያው ስለ ፍትሕ፣ ሁለተኛው ስለ ሰው ሕይወት የሚደረጉ ክርክሮች ሆነው ይገኛሉ።

ለዚህ ነገር ከድሬዳዋ የተሻለ ምሳሌ የለም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች የሠራተኛ ከተማ ናት። የጥጥ ፋብሪካዋ የእግር ኳስ ቡድን በ1950ዎቹ ዓመታት ከአንድ ጊዜ በላይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን በተደረገ ጊዜም የናይጄሪያ፣ የሞሮኮ፣ የሱዳንና የዛየር ቡድኖች በመጀመሪያው ዙር የተገናኙት በድሬዳዋ ነበር፤ ዋንጫውንም በመጨረሻ ይዞ የሄደው ከእነዚሁ አንዱ የሆነው የሞሮኮ ቡድን ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ድሬዳዋ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች። እንዲህ ያለ ታሪክ ባላት ከተማ ከጨዋታ በኋላ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥርም ሆነ በመጋላ ሻይ ቤቶች ክርክሩ ቢሞቅ አያስደንቅም። የሚያሳዝነው ግን ከተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ ደንቡ ምን እንደሚል ሳይጠይቁ መፍረዳቸው ነው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው እንነጋገር። በገና ጨዋታችን ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዞ ኳሷን መምታት ከጥንት የወረስነው ልማድ ነው። በሌላው ዓለም ጎልፍ የሚባለው ጨዋታም ኳስን በዱላ የሚመቱበት ነው፤ ልዩነቱ በገና ሁለት ወገን በአንዲት ኳስ ሲሻማ፣ በጎልፍ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኳስ ከሩቅ እየመታ በመሬት ላይ ወደ ተዘጋጀች ትንሽ ጉድጓድ ማስገባቱ ነው። ከጎልፍ ዱላዎች መካከል ኳሷን በለስላሳው ሣር ላይ አንከባልሎ ወደ ጉድጓዱ ለማስገባት የሚያገለግለው ፓተር ይባላል።

አንዳንድ ተጫዋቾች ረዘም ያለ ፓተር እየያዙ የእጀታውን ጫፍ በሆዳቸው ወይም በደረታቸው ላይ አስደግፈው መምታት ለመዱ። እጅ በድንጋጤ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ዱላው በሰውነት ላይ ስለ ተደገፈ አይናወጥም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ኪገን ብራድሊ፣ በ2013 ደግሞ አዳም ስኮት በዚህ ዓይነት አመታት ታላላቅ ውድድሮችን አሸነፉ። በዚህ ጊዜ የጎልፍ ወዳጆች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን፣ ዱላ በእጅ ብቻ ተይዞ መወዛወዝ አለበት፤ የእጅን መንቀጥቀጥ ማሸነፍም ራሱ የጨዋታው ፈተና ነው አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ለብዙ ዓመታት የተፈቀደውን ነገር ዛሬ መከልከል በዚያ የሠለጠነውን ሰው መበደል ነው ሲል መለሰ።

ደንብ አውጪዎቹ ማኅበራት ሁለቱን ወገኖች ከሰሙ በኋላ በዚያው በ2013 ውሳኔያቸውን አስታወቁ፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን ከጥር ወር መጀመሪያ 2016 ጀምሮ ነው። በውሳኔው ረዥሙ ዱላ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ዱላውን በሰውነት ላይ አስደግፎ መምታት ነው። ቀድሞ የተገኘውም ድል አልተሰረዘም። እንግዲህ መልካም ደንብ የሚወጣበትን መንገድ ከዚህ መማር ይቻላል። ክርክሩ በግልጽ ይደረጋል፤ የሚከለከለው ነገር ተለይቶ ይነገራል፤ ለመሰናዳት ጊዜ ይሰጣል፤ አዲሱም ደንብ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንንም አይቀጣም። ከዚህ በኋላ ግን ቅር ያለውም ሰው ቢሆን ለደንቡ መታዘዝ ግዴታው ነው።

ወደ ሁለተኛው ክርክር ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በእንዲህ ያለ ፀሐይ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ተጫዋቾቹ ውኃ እንዲጠጡ ሲያደርግ፣ «ጊዜ ለማባከን ነው» እያለ የሚጮህ ተመልካች አይጠፋም። ነገር ግን የእግር ኳስ ሕግ ውኃ ለመጠጣት ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ፣ ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ደግሞ ከ90 ሴኮንድ እስከ 3 ደቂቃ የሚደርስ ዕረፍት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ይህም ጊዜ በመጨረሻ ላይ ይጨመራል እንጂ አይጠፋም። በ2014 በብራዚል በተደረገው የዓለም ዋንጫ ሆላንድና ሜክሲኮ በፎርታሌዛ ሲጫወቱ ጨዋታው ለዚሁ ዕረፍት እንዲቋረጥ ተደርጓል። ለዓለም ዋንጫ ተጫዋች የተገባ ዕረፍት ለድሬዳዋ ልጅ የማይገባበት ምክንያት የለም።

ከሙቀቱ ይልቅ የሚያስፈራው መብረቅ ነው። የጎልፍ ተጫዋች በገላጣ ሜዳ ላይ ብረት ያለበት ዱላ ይዞ የሚቆም በመሆኑ አደጋው ለእርሱ ቅርብ ነው። በ1975 በአሜሪካ በቺካጎ አጠገብ በተደረገ ውድድር ዝነኛው ሊ ትሬቪኖና ሁለት ባልደረቦቹ በመብረቅ ተመትተው በሕይወት ተርፈዋል። በ1991 በሚኔሶታ በተደረገው የአሜሪካ ሻምፒዮና ግን አደጋው በተመልካቾች ላይ ወረደ። ስድስት ሰዎች ከዝናቡ ለመሸሸግ ከዛፍ ሥር ቆመው ሳለ መብረቅ መታቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ሞተ።

ስለዚህ በጎልፍ ሜዳ የማስጠንቀቂያ ጡሩምባ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ከተነፋ ሁሉም ወዲያውኑ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ምት እንኳ ሆን ብሎ የሚመታ ከውድድሩ ሊሰረዝ ይችላል። ሦስት ጊዜ ከተነፋ የጀመሩትን ጉድጓድ መጨረስ ይፈቀዳል። ሁለት ጊዜ ሲነፋ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ተጫዋቹም የሚቀጥለው ካቆመበት ቦታ ስለሆነ የሚቀርበት ነገር የለም። በእግር ኳስም ዳኛው የአየሩን ጠባይ አይቶ ጨዋታውን የማቆም ሙሉ ሥልጣን አለው። የተቋረጠው ግጥሚያ የውድድሩ ደንብ ሌላ ካላዘዘ በቀር እንደ ገና ይደረጋል። ግጥሚያ ይደገማል፤ የሰው ነፍስ ግን አትደገምም።

እናንተም በሜዳ ሆናችሁ መብረቁን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ቍጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታልና፣ ሠላሳ ሳትደርሱ ነጎድጓዱን ከሰማችሁ መብረቁ ከአሥር ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ነው። ይህን ጊዜ ከዛፍ ሥር ሳይሆን ወደ ቤት ግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሜዳ አትመለሱ።

በድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሌላ የሚጨመር ነገር አለ። ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ በበጋ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ ግን የሚዘንበው በከተማው ላይ ብቻ አይደለም። ከደንገጎ በላይ ባለው ደጋ ከዘነበ፣ በከተማው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ፈጅቷል፤ በወንዙ ዳር የነበሩ ቤቶችንም ጠርጎ ወስዷል። ስለዚህ ደመና በተራራው ላይ ሲከብድ ያየ አባት ወይም ታላቅ ወንድም በአሸዋው ላይ የሚጫወቱትን ልጆች «በቃ፣ ውጡ» ሊላቸው ይገባል። ልጆቹ «ገና አንድ ጎል ቀርቶናል» ይሉ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ግን ዳኛው እርሱ ነውና ሊያባብሉት አይገባም።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል ይሉ ነበር። ይህን ያሉት የሕግን ክብር ለማስረዳት ነው። የደቻቱ ጎርፍ ግን በቃል አይቆምም፤ መብረቅም ዳኛ አይሰማም። ቃል ሰምቶ ሊቆም የሚችለው ሰው ብቻ ነው። የጨዋታ ደንብ በሰላሙ ጊዜ የሚያስተምረን ትልቁ ነገርም ይኸው ነው፤ በትንሹ ነገር ለፊሽካ መታዘዝን የለመደ ወጣት በአደጋ ጊዜ «ቁም» ሲባል ለመቆም አይቸገርም።

እንግዲህ የስፖርት ወዳጆች ሆይ፣ መከራከራችሁን አትተዉ፤ ክርክር የጨዋታ ቅመም ነው። ነገር ግን ከመፍረዳችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ፤ የወጣበትንም ምክንያት ጠይቁ። ደንቡ ከብዷችሁ እንደሆነ ድንጋይ በመወርወር ሳይሆን አቤቱታችሁን በጽሑፍ ለሚመለከተው በማቅረብ እንዲሻሻል ድከሙ። ዳኛው ስለ ሰማይ ጠባይ ጨዋታውን ባቆመ ጊዜ ደግሞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ መጠለያ ግቡ። ውጤቱን በሚቀጥለው ቀን ትሰሙታላችሁ።