ስለ ዶቅዶቄአችን የተደረገ ንግግር



በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል ስለ አንዲት ዶቅዶቄ እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን። እርስዋም ከእጅ ሥራ ክፍሉ ጓሮ የቆመችው፣ አብዛኞቻችሁ በጢሷ የምታውቋት አሮጌ ቬስፓ ናት።

ቬስፓ ማለት በኢጣልያ ቋንቋ ተርብ ማለት ነው። የፒያጆ ፋብሪካ በጦርነቱ ዘመን አውሮፕላን ይሠራ ነበርና፣ ሰላም ሲሆን ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለውን የአውሮፕላን መሐንዲስ ርካሽ መጓጓዣ እንዲያወጣ አዘዘው፤ በ1946 እ.ኤ.አ. ቬስፓ ተወለደች። የሚያስቀው ነገር፣ ሰውየው ሞተር ብስክሌት አይወድም ነበር፤ ሰንሰለቱ ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማው ሲተነፍስ መለወጡ ያስቸግራል ባይ ነበርና። ስለዚህ ሞተሩን ከኋላው ጎማ አጠገብ ሸሽጎ ሰንሰለቱን አስቀረ፤ የፊቱንም ጎማ እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ወገን ብቻ ያዘው። ይህን ስናነብ አላመንንም፤ ጎማውን ፈትተን ስናወጣው ግን አመንን።

እኛ ያገኘናት ከአንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ጓሮ፣ ዶሮ ሲያድርባት ነው። አሥር ሆነን አዋጥተን ገዛናት፤ ካርቡራቶሯን አጠብን፣ ካንዴላዋን ለወጥን፣ የፍሪሲዮኑን ሽቦ ቀጠልን። በተነሣች ዕለት የጮኽነውን ጩኸት ዘበኛው እስከ ዛሬ ያነሣብናል። መንጃ ፈቃድ ስላልነበረን ከኳስ ሜዳው አልወጣንም፤ ቢሆንም የአንዳችን እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከኋላ ተቀምጠው፣ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ሲዞሩ ማየት ከማናቸውም መንገድ ይበልጥብናል።

በመጋቢት ወር አንድ ገዢ መጥቶ ጥሩ ዋጋ ሰጠን። ፈታትቶ ዕቃዋን ሊሸጥ ነው። ከመካከላችን አንዱ ድርሻውን ለአባቱ ሕክምና ይፈልገው ኖሮ፣ እኛን ላለማስቀየም ሁለት ወር ሙሉ ዝም ብሏል። ይህን በሰማን ጊዜ ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ከፊሎቻችን «ብረት ከሰው አይበልጥም፤ ትሸጥ» አልን፤ ትክክልም ነበር። በመጨረሻ ግን ዘጠኛችን፣ ለምረቃ ልብስ ካስቀመጥነው ገንዘብ፣ ገዢው በሰጠው ዋጋ ልክ ድርሻውን ከፈልነው። ስለዚህ ነገ በየዕለቱ ልብሳችን ብታዩን አትደነቁ።

ዶቅዶቄዋን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ትተናል። ከቤንዚኑ ጋር በመቶ አምስት እጅ ዘይት ቀላቅሉ፤ ዘይቱ ከተረሳ ፒስተኑ ተጣብቆ ይቀራል። ማርሿ በግራ እጅ ይጠመዘዛል፤ ሁለተኛው ስለሚያስቸግር በቀስታ አስገቡት። ጧት ሲበርድ ሦስት አራት ጊዜ ሳትረግጧት አትነሣም። የዘይቱ መለኪያ ጣሳ ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ነው።