የሉማሜ ክረምትና የአባቴ ሬዲዮ



ብዙዎቻችሁ ሉማሜን የምታውቋት ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስታልፉ በአውቶቡስ መስኮት ነው። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው። ክረምት ላይ መብረቅ በጣለ ቁጥር የአባቴ የባትሪ ሬዲዮ «ጧ!» ይላል፤ እኔ ቶሎ ብዬ መቃኛውን አዞራለሁ፤ ጣቢያው ይጠፋል። አባቴ «ተወው እንጂ ልጄ፣ ያልፋል» ይለኝ ነበር።

የመመረቂያ ሥራዬም የተበላሸው በዚሁ ነው። ዊድሮውና ሆፍ በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጡትን፣ ኤልኤምኤስ የተባለውን ራሱን በራሱ የሚያርም ማጣሪያ ሠራሁ። ኮምፒውተር ላይ በፈጠርኩት ለስላሳ ኖይዝ ግሩም ነበር። በክረምት ከሬዲዮው በካሴት የቀዳሁትን ስሰጠው ግን ጉድ ሆንኩ። ማጣሪያው ራሱን የሚያርመው በስሕተቱ ልክ ነዋ! 1 የነበረው ስሕተት በአንድ ብልጭታ 100 ሲሆን እርማቱም መቶ እጥፍ ይሆናል። የተማረውን ይረሳል፤ መልሶ እስኪማር ሌላው መብረቅ ይደርሳል። እንደ እኔው መቃኛ ያዞራል ማለት ነው።

መፍትሔው ለስሕተቱ ጣሪያ ማበጀት ነው፦ ጣሪያው 3 ከሆነ 100ውም እንደ 3 ይቆጠራል። ፒተር ሁበር በ1964 እ.ኤ.አ. ለስታትስቲክስ ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ሲግናሉ የእውነት በድንገት ሲለወጥም ማጣሪያው ዘግይቶ ይነቃል። ጣሪያው የት ይሁን የሚለውን የአገሩን ኖይዝ ሳይሰሙ መወሰን አይቻልም።

እናም መምህራን፣ አንድ ልመና አለኝ፤ ተማሪዎቻችሁ በመስከረም ሲመለሱ ከየቀያቸው አንዳንድ ቅጂ ይዘው ይምጡ። የእኔው ካሴት እስካሁን አለ፤ ለላቦራቶሪው ይዤው መጥቻለሁ።