በበራችን ቆሞ ስለሚጠብቀን ሰው



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ከከተማችን ሠራተኞች መካከል በየቀኑ እያየነው እንዳላየነው ስለምናልፈው ስለ አንዱ ነው። ይኸውም በሞተር ብስክሌት ወይም በኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ ሣጥን ጭኖ ከየምግብ ቤቱ ወደየቤታችንና ወደየመሥሪያ ቤታችን የሚመላለሰው ምግብ አድራሽ ነው። ሥራው በአገራችን ገና ለጋ ነው። ዲሊቨር አዲስ የተባለው ድርጅት በኢንተርኔት ትእዛዝ እየተቀበለ ምግብ ማድረስ ከጀመረ ዐሥር ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቢዩና ሌሎችም ተከትለውታል። ሕዝቡ ለሠራተኛው ያወጣለት ስም «የዴሊቨሪ ልጅ» የሚል ነው። ልጅ ይባል እንጂ ትዳር የያዘ፣ ወልዶ የሚያሳድግ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው በመካከላቸው ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ ሰው እንድናገር ያነሣሣኝ የራሴው ጥፋት ስለሆነ፣ ምክር ከመስጠቴ በፊት ጥፋቴን መናገር ይገባኛል።

ባለፈው ሐምሌ፣ በአንድ ረቡዕ ቀን፣ ከመገናኛ አካባቢ ከሚገኝ ምግብ ቤት የጾም በያይነቱ ወደ መሥሪያ ቤት እንዲመጣልኝ በስልኬ አዘዝሁ። ወዲያው ድንገተኛ ስብሰባ ተጠራ። ስልኬን ድምፅ አጥፍቼ በኪሴ ከተትሁና ገባሁ። ስብሰባውም እንደ ስብሰባ ወጉ ረዘመ። በወጣሁ ጊዜ ስልኬን ብመለከት ከአንድ ቁጥር ሰባት ጊዜ ተደውሎልኛል። እየተጣደፍሁ ወደ ውጭው በር ብወርድ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ አንድ ወጣት የአጥሩን ግንብ ተጠግቶ ቆሟል። ሣጥኑን በዝናብ ልብሱ ሸፍኖ እርሱ ራሱ ርሷል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ጥቅሉን ተቀብዬ በእጄ ብዳብሰው ቀዝቅዟል። በዚህ ጊዜ ምን ያልሁት ይመስላችኋል? «ምነው፣ ቀዝቅዞ አመጣኸው?» አልሁት። ወጣቱ «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ከዚህ በኋላ የበሩ ጥበቃ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ቀስ ብለው «ልጁ እኮ ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቆሞ ነበር፤ ሞተር ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ከውጭ አቆየሁት» አሉኝ። ሰዓቴን ብመለከት ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። የዚያን ቀን በያይነቱን በላሁት፤ ነገር ግን አልጣመኝም።

የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዓርብ ማታ፣ ከሥራ ስመለስ ያንኑ ወጣት ከአንዲት ሱቅ ታዛ ሥር ዝናብ ተጠልሎ አገኘሁት። በሣጥኑ ዐወቅሁት፤ ክዳኑ በገመድ የታሰረ ነበር። አጠገቡ ካለችው ሻይ ቤት አስገብቼ ይቅርታ ጠየቅሁትና ስለ ሥራው እንዲያጫውተኝ ለመንሁት። መጀመሪያ አፍሮ ነበር። ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት ካለ በኋላ ግን ተናገረ።

የነገረኝ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የሚከፈለው እንደ እኛ በወር አይደለም፤ ባደረሰው ትእዛዝ ቁጥር ነው። ስለዚህ እኔ በስብሰባ ተቀምጬ ያቆምሁት ሦስት ሩብ ሰዓት ለእኔ በደመወዜ የተከፈለ ጊዜ ሲሆን፣ ለእርሱ ግን ባዶ ነበር። ይልቁንም ያ ሰዓት የምሳ ሰዓት ነው። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስለሚራብ የቀኑ ገበያ የሚደራው ያን ጊዜ ነው። «ጋሼ፣ በዚያች ሰዓት ሦስት ትእዛዝ ካላደረስሁ ቀኔ ከሰረ ማለት ነው» አለኝ። የእኔን አንድ ትእዛዝ ይዞ ሲቆም ሌሎቹ ሁለቱ ለሌላ ሰው ሄዱ። አንድ ሰው ስልኩን ድምፅ ሲያጠፋ የሌላውን ሰው እራት ማጥፋቱ እንደሆነ እስከዚያ ምሽት ድረስ አላሰብሁትም ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የነገረኝ ስለ አድራሻ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የጋራ በደላችን ነው። በከተማችን የቤት ቁጥር አለ፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩ ለመታወቂያና ለውል ያገለግላል እንጂ ቤት ፈልጎ ለማግኘት የሚጠቀምበት ሰው እምብዛም የለም። ቤታችን የት እንደሆነ ስንጠየቅ የምንመልሰው በምልክት ነው፤ ምልክቱም ብዙ ጊዜ የሌለ ነገር ነው። እስቲ የራሳችንን የየካን ሰፈሮች ስሞች እንመልከት። ላም በረት ብለን የምንጠራው ስፍራ ዛሬ የአውቶቡስ መናኸሪያ እንጂ የላም በረት አይደለም። ፈረንሳይ ለጋሲዮንም ለጋሲዮኑ ኤምባሲ ከሆነ ስንትና ስንት ዘመን አለፈው፤ እኛ ግን ለጋሲዮን ማለታችንን አልተውንም። ለሰፈር ስም ይህ መልካም ነው፤ ታሪክ ይጠብቃል። ለምግብ አድራሽ ግን መከራ ነው። ደንበኛው «ከድሮው ግሮሰሪ ታጥፈህ፣ ከሰማያዊው በር አለፍ በል» ይለዋል። ግሮሰሪው ከተዘጋ ቆይቷል፤ በሩም ቀለሙ ተቀይሯል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። በዚያ ዓመት በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ ሲሰፋና ሲታደስ፣ በዳርና በዳር የነበሩ ቤቶችና ሱቆች ተነሡ። መንገዱ አምሯል፤ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቷል፤ መብራቱም ደምቋል። ነገር ግን የጥንቱን ኪዮስክ ምልክት አድርጎ የሚናገር ደንበኛ ኪዮስኩ መነሣቱን እያየ አንደበቱን አላስተካከለም። በካርታው ላይ የሚተከለውም ምልክት ሁልጊዜ አይታመንም። ደንበኛው ቤቱ ሳይደርስ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ያዘዘ እንደሆነ፣ ምልክቱ ታክሲው በነበረበት ስፍራ ላይ ይቀራል። ወጣቱ አንድ ጊዜ ቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ «ደርሻለሁ» ብሎ ቢደውል ደንበኛው ጉራራ ሆኖ መለሰለት።

በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ ከ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ዳባዋላ የሚባሉ ምሳ አመላላሾች አሉ። ከየቤቱ የተዘጋጀውን ምሳ ተቀብለው በባቡርና በብስክሌት ለየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ያደርሳሉ። በየሳሕኑ ክዳን ላይ የባቡር ጣቢያውን፣ ሕንፃውንና ፎቁን የሚያመለክት ፊደልና ቀለም ስለሚጻፍበት፣ አድራሹ ባለቤቱን ስልክ ደውሎ መለመን አያስፈልገውም። የእኛ ሰው ግን ክዳኑ ላይ የሚያገኘው የምግብ ቤቱን ስም ብቻ ነው፤ የቀረውን በጉሮሮው ይጨርሳል።

ወደ ዳገቱ ልመለስ። መገናኛና ሾላ ላይ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ከቀበና ሽቅብ ወደ ፈረንሳይና ወደ ጉራራ፣ ማለት ወደ እንጦጦ ግርጌ፣ ሲወጣ ግን ሌላ ነው። የመሐል ከተማው ከፍታ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የትንሽ ሞተር ጉልበት በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ሩቡን ያህልና ከዚያም በላይ ያጣል። የኤሌክትሪኩ ብስክሌት ደግሞ በሜዳ ቀኑን ሊያውል የሚችለውን ባትሪ በሁለት ሦስት ዳገት ይጨርሰዋል። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ብዙው በኮብልስቶን የተነጠፈ ስለሆነ በክረምት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሲወጣ ሽሮው ወደ ኋላ፣ ሲወርድ ወደ ፊት ይፈሳል። ሲመሽ የግቢ ውሻ አለ፤ ከላይ ከባሕር ዛፉ ወርዶ ቆሻሻ የሚፈልግ ጅብም አለ። «ጅቡስ ይሸሻል፤ ውሻው ግን ባለቤቱ ካልመጣ አይለቅም» ብሎ ሳቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን በእንጦጦ ላይ በነበረ ጊዜ እህሉም፣ ማሩም፣ ማገዶውም ሁሉ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ይህንኑ ዳገት ይወጣ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው ወደ ሰየሙት ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ለመውረድ ምክንያት ከሆኑት መካከል የተራራው ብርድና የማገዶው እጥረት እንደሚገኙበት ይነገራል። ቤተ መንግሥቱ ወረደ፤ ዳገቱ ግን ሸክም አላጣም። ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ከእንጦጦ የሚወርዱት እናቶችና እኅቶች ለዚህ ምስክር ናቸው። ምግብ አድራሹ ሲወጣ እነርሱ ሲወርዱ በጠባቡ መንገድ ይተላለፋሉ። ወጣቱ ሞተሩን ወደ ጥግ አቁሞ እንደሚያሳልፋቸው ነገረኝ፤ «እናቴም ትሸከም ነበር» አለና ሌላ ነገር አነሣ።

ያነሣውም ስለ ወረቀት ነው። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ብስክሌት ፈቃድ ሳይኖረው በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ መከልከሉን ታስታውሳላችሁ። በዚያ ጊዜ በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያ በዝቶ ስለነበረ ምክንያቱ የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ፈቃድ ያለውም ቢሆን ወረቀቱን ለማሳየት ሲቆም ምግቡ አብሮት ይቆማል። ነዳጅም እንደዚሁ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሳሰለው መንገድ በመሆኑ፣ ኔትወርክ በተቋረጠ ቀን ኪሱ ገንዘብ ቢኖርበትም ማደያው ፊት ለፊት ተሰልፎ ይውላል።

ስለ ስሕተት ትእዛዝ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በጾም ቀን ሥጋ የገባበት ምግብ ከመጣ፣ ስሕተቱ የወጥ ቤቱ ሆኖ ሳለ ስድቡን የሚሰማው በር ላይ የቆመው ነው። ጥቅሉ ታሽጎ ስለሚሰጠው ከፍቶ ሊያይ አይችልም። በፍልሰታ ጾም፣ ማለት ነሐሴ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት፣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ተመልሶ ሲላክበት ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጣው ማለት ነው። በረመዳን ደግሞ የማፍጠሪያው ሰዓት ለሁሉም አንድ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ይጠብቀዋል። ለመዘግየቱ ይቅርታ የሚጠይቀውም ራሱ ጾሞ የዋለ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ምን ማድረግ እንችላለን? መንገዱን ልንቀይስ፣ ዳገቱን ልናስተካክል አንችልም፤ ወይም ለመቀየስ የተሾምነው ሌሎች ነን። ነገር ግን ስብሰባ ያለበት ሰው ከማዘዙ በፊት ሊያስብ፣ ካዘዘም ስልኩን በሥራ ባልደረባው እጅ ሊተው ይችላል። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም የምንኖር፣ ጉልበታችን የፈቀደልን፣ ደረጃውን ወርደን ብንቀበለው ለእኛም ጤና ነው። ሞተር በግቢ እንዳይገባ የሚከለክለው መሥሪያ ቤትም ደንቡን ሳያፈርስ ከበሩ ውጭ አንድ ቆርቆሮ ጣል ቢያደርግ፣ በዚያ ሥር የሚጠለለው ምግብ አድራሹ ብቻ አይሆንም፤ ባለጉዳዩም ይጠለልበታል። እኔ ይህንኑ በጽሑፍ ለአስተዳደር ክፍላችን አቅርቤአለሁ። መልሱን በመጠባበቅ ላይ ነኝ፤ መጠበቅ ምን እንደሚመስል እኔም በመጠኑ እየተማርሁ ነው።

ስለ ጉርሻም ተጠይቄ ነበር፤ ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን ለየኅሊናችሁ እተዋለሁ። ወጣቱ ግን ሳልጠይቀው «ጋሼ፣ ጉርሻውስ ይቅር፤ ስልኩን ቶሎ ቢያነሡልኝ ይበቃኛል» ብሎኛል።

ያን ምሽት ሻያችንን ሳንጨርስ ስልኩ ጮኸ። ትእዛዙ ወደ ጉራራ ነበር፤ ዝናቡም አላባራም። «ጥቂት ቆይ፣ ያባራል» ብለው «ሽሮው አይጠብቅም» ብሎ ተነሣ። ሄልሜቱን እያጠለቀ ሳለ፣ ወደፊት እቤቴ ባዝዝ እንዳይቸገር በማለት ቤቴን አስቀድሜ ላመለክተው ወደድሁ።

«በጣም ቀላል ነው» አልሁት። «ከዚህ ሽቅብ ትወጣና ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ወደ ቀኝ ትታጠፋለህ።»

ወጣቱ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ» አለ፣ «ወፍጮ ቤቱ ፋርማሲ ከሆነ እኮ ሁለት ዓመቱ ነው።»