ማን ይቅደም? ስለ ኔትወርክ መልእክቶች ተራ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ሰንጋ ተራ ስሙ የከብት ገበያን የሚያስታውስ ቢሆንም፥ ዛሬ የባንኮችና የመድን ድርጅቶች ረጃጅም ሕንጻዎች የተሰለፉበት ሰፈር ነው። በነዚህ ሕንጻዎች ውስጥ በእግሩ ከሚመላለሰው ሰው ይልቅ በሽቦ የሚመላለሰው መልእክት ይበዛል። የስብሰባ ድምፅና ምስል፥ የባለጉዳይ መዝገብ፥ በየሌሊቱ የሚቀመጠው ግልባጭ፥ ሁሉም በአንድ መንገድ ያልፋሉ። መንገዱ በጠበበ ጊዜ ማን ይቅደም? የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነው።

ይህን የሚዳኝ ፕሮግራም በዩኒክስ ሰርቨሮች ላይ ይገኛል። ለምሳሌ ሶላሪስ በተባለው ሥርዐት ቀደምት እትሞች አይፒኪውኦኤስ የሚባለው መልእክቱን በየዐይነቱ ይለያል፤ የማዕርግ ምልክት ያደርግበታል፤ ከተወሰነለት ልክ ያለፈውን ዝቅ ያደርጋል ወይም ይጥላል። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ለምልክቱ 6 ቢት ስለ ተመደበ 64 ዐይነት ማዕርግ ሊጻፍ ይችላል። ድምፅ እንዲቀድም የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሴኮንድ በላይ እንዳይዘገይ ይመከራል፤ አለዚያ ተነጋጋሪዎቹ ቃል ለቃል ይሻማሉ። የሌሊቱ ግልባጭ ግን አንድ ሰዓት ቢዘገይ የሚጎዳው ሰው የለም።

ሆኖም ይህ ፕሮግራም መንገዱን አያሰፋም። ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው የተወሰደ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወረዳዎችን ማገናኘት የጀመረው ወረዳኔት የምስል ስብሰባንም የመዝገብ ሥራንም እንዲሸከም የታሰበ ነበር። እንዲህ ባለ መስመር ላይ፥ ለስብሰባው ሲባል የመዝገቡ ልክ እንዲቀነስ ተደረገ እንበል። ስብሰባው ሲያበቃ ደንቡ ካልተነሣ፥ መንገዱ ባዶ ሳለ የመዝገቡ መልእክት ይጣላል፤ ባለጉዳይም በመስኮቱ ፊት ያለ ምክንያት ይቆማል።

ስለዚህ ማብራቱንም ማጥፋቱንም ማወቅ ይገባል። በነዚህ የሶላሪስ እትሞች ላይ ደንቡ አስቀድሞ በፋይል ይጻፋል። ሥልጣን ያለው አስተዳዳሪ አይፒኪውኦኤስኮንፍ የተባለውን ትእዛዝ ከ«ኤ» ፊደል ጋር ሲሰጥ ደንቡ ይጸናል፤ ከ«ኤፍ» ፊደል ጋር ሲሰጥ ይሻራል። ነገር ግን በ«ሲ» ፊደል ካልታተመ፥ የበራውም የጠፋውም እስከሚቀጥለው መነሻ ድረስ ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሣ፥ ተሽሯል የተባለው አሮጌ ደንብ ተመልሶ ይገኛል። ባለሙያ በከንቱ ሊደክም የሚችለው በዚህ ነው።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ የሆናችሁ ሁሉ፥ ማን እንደሚቀድም፥ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚቀድም፥ በማን ትእዛዝ እንደሚነሣ በጽሑፍ ወስኑ፤ ከተነሣም በኋላ ሥራው መቃናቱን አስመርምሩ። ባለሙያው ትእዛዙን ይፈጽማል፤ ተራ መዳኘት ግን የእናንተ ፈንታ ነው።