የበርታና የጉሙዝ መዝገበ ቃላት ለኮምፒዩተር አገልግሎት ስለሚዘጋጁበት ሁኔታ




ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አሶሳ ገበያ የደረሰ መንገደኛ በርታኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ዓረብኛ ጎን ለጎን ሲነገሩ ይሰማል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት ነባር ብሎ የሚጠራቸው ሕዝቦች አምስት ሲሆኑ፣ እነርሱም በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በመላ አገሪቱ የበርታ ተወላጆች 180 ሺህ ገደማ፣ የጉሙዝ ተወላጆች ደግሞ 160 ሺህ ገደማ ሆነው ተመዝግበዋል። ይህ አኀዝ በነጋዴ ዓይን ሲታይ አነስተኛ ገበያ ነው፤ ለእነዚህ ቋንቋዎች የፊደል ማረሚያ ወይም የስልክ መዝገበ ቃላት ሠርቼ አተርፋለሁ ብሎ የሚነሣ ድርጅት በቀላሉ አይገኝም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የፌዴራል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 የእያንዳንዱን ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት አረጋግጧል። ዛሬ መጻፍ ማለት በአብዛኛው በማሽን ላይ መጻፍ ስለሆነ፣ ከመብቱ አንዱ ክፍል በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ወድቋል ማለት ነው።

ቃላቱን የመሰብሰቡ ሥራ ያልተነካ አይደለም። ሊዮኔል ቤንደር የተባሉት የቋንቋ ሊቅ የጉሙዝኛን ሰዋስውና ቃላት የሚመለከት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል። ሩጣና እየተባለም የሚጠራውን በርታኛ በሚመለከት፣ ሱዛነ ኖይዶርፍና አንድሪያስ ኖይዶርፍ ያዘጋጁት የበርታ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2007 በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የቋንቋ ልማት ፕሮጀክት አማካይነት ታትሟል። ኮሊን አህላንድም እ.ኤ.አ. በ2012 ለኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት የሰሜኑንና የደቡቡን ጉሙዝኛ ሰዋስው በሰፊው ይተነትናል።

ይሁን እንጂ አንድ የአሶሳ ወጣት ለታናናሾቹ የበርታኛ የቃላት መልመጃ በስልክ ላይ ለመሥራት ቢነሣ ከምን ይጀምራል? የታተመውን መጽሐፍ ይዞ ገጽ በገጽ እንደገና መተየብ ይኖርበታል። የኮምፒዩተሩን ፋይል ቢያገኝ እንኳ ፋይሉ ከተዘጋጀበት ፕሮግራም ውጭ አልነበብ ሊለው ይችላል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሌላው ወጣትም ያንኑ ድካም ከመጀመሪያው ይደግመዋል። ይህንን ድካም የሚያስቀረው በሙያው አነጋገር «ላይብረሪ» የሚባለው ነው፤ ይኸውም ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራም ሳይሆን ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚገለገሉበት አነስተኛ የኮድ ስብስብ ነው። ምንጩ ለሁሉ ክፍት ሆኖ፣ በሚገባ ታሽጎና ተሰይሞ የቀረበ እንዲህ ያለ ላይብረሪ አንድ ጊዜ ከተሠራ ለብዙዎች ይበቃል።

የላይብረሪው ተግባር ጠባብ ሊሆን ይገባዋል። አንድ መሪ ቃል ሲሰጠው ሙሉ መግለጫውን ያቀርባል፤ የአማርኛ ፍቺ ሲሰጠው ተዛማጅ የሆኑትን የበርታኛ ወይም የጉሙዝኛ ቃላት ይፈልጋል፤ ሲጠየቅም ቃላቱን በቋንቋው የፊደል ተራ ይዘረዝራል። የመስክ ተመራማሪዎች የሚጽፉባቸው ቅርጾች የታወቁ ናቸው። በቱልቦክስ ፕሮግራም በሚዘጋጅ ፋይል እያንዳንዱ መስመር በአጭር ምልክት ይጀምራል፤ አንዱ ምልክት መሪ ቃሉን፣ ሌላው የቃል ክፍሉን፣ ሌላው ፍቺውን ያመለክታል። ፊልድወርክስ የተባለው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ደግሞ ሊፍት በሚባል በኤክስኤምኤል ላይ የተመሠረተ ቅርጽ መረጃውን ያወጣል። ላይብረሪው እነዚህን ሁለቱን አንብቦ ወደ አንድ ወጥ ሠንጠረዥ ከለወጠ፣ የመተግበሪያ ሠሪው ስለ ፋይሉ ቅርጽ ሊጨነቅ አይገባውም።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በፍለጋው ላይ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንዱ በ«ፀ»ና በ«ሐ»፣ ሌላው በ«ጸ»ና በ«ሀ» ይጽፈዋል። ዳንኤል ያዕቆብ ለፐርል የፕሮግራም ቋንቋ ካዘጋጇቸው አነስተኛ ክፍት ምንጭ ጥቅሎች አንዱ፣ የአማርኛ ቃላትን በአጻጻፋቸው ሳይሆን በድምፃቸው ለማመሳሰል የታሰበ ነው። የበርታኛና የጉሙዝኛ ችግር ደግሞ ከዚህ ይለያል። በሁለቱም ቋንቋዎች የድምፅ ቃና ከፍ ወይም ዝቅ ማለት የቃሉን ትርጉም ሊለውጥ ይችላል። በላቲን ፊደል ላይ የቃና ምልክት የተደረገበት አናባቢ በዩኒኮድ አንዳንዴ እንደ አንድ ኮድ፣ አንዳንዴ ፊደሉና ምልክቱ ተለያይተው እንደ ሁለት ኮድ ይቀመጣል። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ስለሆኑ ያለው ቃል የለም ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ላይብረሪው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተስተካከለ ቁልፍ ለብቻው ማዘጋጀት፣ አዘጋጆቹ የጻፉትን ዋናውን አጻጻፍ ግን ሳይነካ መጠበቅ ይገባዋል። ቃናን ለፍለጋ ምቾት ሲባል ከዋናው መረጃ ላይ የሚፍቅ ፕሮግራም ቃሉን ራሱን እንደ ፋቀ ይቆጠራል።

የጉሙዝኛ ፊደል ጉዳይ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዩኒኮድ 6.0 በግዕዝ ፊደል ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ለጉሙዝኛ ድምፆች የተመደቡ 14 ፊደላትን አካቷል። ለትምህርት ቤት አገልግሎት የተዘጋጀው አጻጻፍ ግን በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ ነው። በየትኛው ፊደል ይጻፍ የሚለው ጥያቄ የተናጋሪዎቹ ነው። ላይብረሪው ሁለቱንም እንደ ሁለት ዓምዶች ተቀብሎ ማስቀመጥ እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይችልም።

መረጃ ከአንድ መሣሪያ ጋር ብቻ ሲታሰር የሚደርሰውን ጉዳት የአማርኛ ጸሐፊ ያውቀዋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ እያንዳንዱ የፊደል ሠሪ ቅርጾቹን በራሱ ፈቃድ በላቲን ኮዶች ላይ ይደረድር ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። ሊብኤዝ የተባለው የዳንኤል ያዕቆብ ላይብረሪ የግዕዝ ጽሑፍን ከአንዱ የኮድ ሥርዓት ወደ ሌላው ለማሻገር የተሠራው በዚያ ዘመን ነበር። የተበታተነው እስኪሰበሰብ ብዙ ድካም ጠይቋል። ለበርታኛና ለጉሙዝኛ ይህ ታሪክ ሊደገም አይገባም።

አሁን ወደ ማሸጉ ሥራ እንምጣ። መጀመሪያ፣ ኮዱና የቃላቱ መረጃ በተለያዩ ጥቅሎች ይቀመጡ፤ ቃል በታረመ ቁጥር ኮዱ፣ ኮዱ በተሻሻለ ቁጥር ቃላቱ መነካት የለባቸውም። እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው የእትም ቁጥር ይኑራቸው፤ ስሕተት አገኘሁ የሚል ሰው በየትኛው እትም እንዳገኘው መናገር ይችል ዘንድ። ሁለተኛ፣ ጥቅሉ ሌሎች ጥቅሎችን ከኢንተርኔት እያወረደ የሚሞላ አይሁን፤ በፍላሽ ተይዞ ሄዶ ኔትወርክ በሌለበት ትምህርት ቤት መጫን አለበት። መጠኑ ለዚህ አያስቸግርም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሥርዓት 3 ባይት ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ቃል ከነፍቺውና ከነምሳሌው 500 ባይት ቢታሰብ፣ 10,000 ቃላት 5 ሜጋባይት ያህል ይሆናሉ፤ ይኸውም ከአንድ ዘፈን ፋይል እምብዛም አይበልጥም። ሦስተኛ፣ ከጥቅሉ ጋር የሙከራ ዝርዝር ይታሸግ፤ አስቸጋሪ የሆኑ ቃላት ተመርጠው በየእትሙ ፍለጋቸው ይፈተን። አራተኛ፣ የአጠቃቀም መመሪያው በአማርኛም ይጻፍ። እነዚህ ነገሮች ጥበብ የሚያሳዩባቸው አይደሉም፤ ሆኖም ብዙ መልካም ፕሮግራሞች በደራሲያቸው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ኖረው የሚቀሩት እነዚህ ስለጎደሏቸው ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም እንደ ሥራ ይጠብቃል። ስለሆነም ምንጩ ክፍት ይሁን ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ኮዱን የጻፈው ሰው ኮዱን በፈለገው የክፍት ምንጭ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ ያልሰበሰባቸውን ቃላት ግን በዚያው ፊርማ ሊሰጥ አይችልም። የመዝገበ ቃላቱ ፈቃድ ከአዘጋጆቹና ካሳተመው ፕሮጀክት በጽሑፍ ተጠይቆ ለብቻው ሊታወቅ ይገባል። ከሕጉም በላይ የሚታሰብ ነገር አለ። ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ወይም ስለ ሥርዓተ አምልኮ የተነገሩ ቃላትን የሰጡ ሽማግሌዎች ለመጽሐፍ መስጠታቸው፣ ለማንኛውም ማሽን ሁሉ እንደ ሰጡ አያስቆጥርም። የተለየ ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ቃላት በመረጃው ውስጥ ምልክት ተደርጎባቸው ከክፍቱ ጥቅል የሚቀሩበት መንገድ ከመጀመሪያው መታሰብ አለበት። ተለቅቆ የተባዛ ፋይል አይሰበሰብም።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

ማሸግ ሲባል ዕቃ ጠቅልሎ መላክ ብቻ ይመስላል። ሆኖም መዝገበ ቃላት እንደ ሲሚንቶ አንድ ጊዜ ተጭኖ የሚሄድ ዕቃ አይደለም፤ የሚመለስበትም መንገድ ያስፈልገዋል። አንድ የኩርሙክ ወይም የመንጌ መምህር ቃሉ በሰፈሩ በሌላ አነጋገር እንደሚነገር ቢያውቅ፣ እርማቱን ለማን ይነግራል? ኮድ መጻፍ አይጠበቅበትም፤ በወረቀት ጽፎ ወይም በስልክ ተናግሮ የሚያስረክብበት፣ በቋንቋው ባለሙያዎች ተመርምሮ በሚቀጥለው እትም ከእነስሙ የሚገባበት ቋሚ ቦታ ሊኖር ይገባል። ይህ ቦታ የአንድ ወጣት ኮምፒዩተር መሆን አይችልም፤ ወጣቱ ሥራ ሲቀይር ሥራው ይቆማልና። የክልሉ የትምህርት አስተዳደርና የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ አብረው ቢይዙት የተሻለ ዕድሜ ይኖረዋል። የዚህ ማኅበር አባላት ደግሞ ኮዱን በመመርመርና እትሞቹን በመፈተን በዓመት ጥቂት ቀናት ቢያዋጡ ይበቃል።

እንግዲህ የሥራው መለኪያ ጥቅሉን ስንት ሰው አወረደው የሚለው ቁጥር አይሆንም። መለኪያው የኩርሙኩ መምህር እርማቱን ከሰጠበት ቀን አንሥቶ፣ ተማሪዎቹ የታረመውን ቃል በስልካቸው እስኪያነቡ ድረስ ስንት ወር አለፈ የሚለው ነው።