ለምርምር መዘጋጀት ከምረቃ በፊት ይጀምራል



ራልፍ ባንች እ.ኤ.አ. በ1934 ከሃርቫርድ ሲመረቅ፣ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስ ዶክትሬት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ፤ በ1950 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተቀበለ። በስሙ የሚጠራው የአሜሪካ ፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር የክረምት ሥልጠና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ስታትስቲክስ ያስተምራል፤ የራሳቸውን የምርምር ጽሑፍም ያሠራቸዋል።

ለብዙ ስደተኛ ወላጅ የዶክትሬት ትምህርት ተጨማሪ ዕዳ ይመስለዋል። ሆኖም በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ተማሪዎቻቸውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናሉ፤ የኑሮ አበልም ይሰጣሉ። በሩን የሚያጠበው ሌላ ነው፦ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤና የጽሑፍ ናሙና። የተማሪውን ማርክ ብቻ የሚያውቅ መምህር ስለ ማርኩ ብቻ ይመሰክራል፤ ጥያቄ ሲያነሣ፣ መረጃ ሲሰበስብና ረቂቁን ሲያርም ያየው ግን ስለ ተመራማሪነቱ ይጽፋል።

ስለዚህ የማኅበረሰብ ድርጅቶች መዛግብታቸውን ለመመረቂያ ጥናት ይክፈቱ። አማርኛ የሚችሉ ተማሪዎችም፣ የዩኒቨርሲቲያቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ አግኝተው፣ የማኅበረሰባቸውን የምርጫ ተሳትፎ እንዲያጠኑ ይርዷቸው።

ፖሊሲ በጥናት ይደገፋል። ልጆቹን ለጥናት ያላዘጋጀ ማኅበረሰብ ግን ስለ ራሱ የሚጠየቀውን ጥያቄ እንኳ ሌሎች ይመርጡለታል።