መሬት አይወልድም
(በጉና ዙሪያ ለሚኖሩ የክሊኒክ ተገልጋዮች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መርፌና ስለ ኪኒን ብቻ ሳይሆን ስለ ጎተራችሁም ጭምር ነው። የቤተሰብ ቁጥርና የቤተሰብ ገቢ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ናቸውና።

አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። አንድ ቤተሰብ 4 ጥማድ፣ ማለትም 1 ሄክታር ያህል መሬት አለው እንበል። ለ6 ልጆች እኩል ቢያካፍል ለአንዱ አንድ ጥማድ እንኳ አይደርሰውም። ልጆቹ ሲያገቡ የትዳር ጓደኛቸውም ያንኑ ያህል ይዞ ቢመጣ፣ አንድ ጥማድ ከሲሶ ይሆናል። እነርሱም በተራቸው 6 ቢወልዱ የልጅ ልጅ ድርሻ ሩብ ጥማድ አይሞላም። ሁሉም 3፣ 3 ቢወልዱ ግን በዚሁ ስሌት ድርሻው ወደ አንድ ጥማድ ይጠጋል። ሰው ይወልዳል እንጂ መሬት አይወልድም።

በክልላችን በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ተደርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ መሬት የሚጠብቀው በአብዛኛው ከወላጁ ነው። ድርሻው ሲጠብ የሚከተለውን እናንተው ታውቁታላችሁ። ሣር የነበረው ዳገት ይታረሳል፤ ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ አፈሩን ጠርገው ወደ ጣና ይወስዱታል። ግጦሹ ሲያንስ በጉም ላሙም ያንሳል። ጎልማሳው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ሲወርድ ኖሯል። ደገኛ ቆላ ወርዶ ገንዘብ ይዞ እንደሚመለስ ሁሉ ወባና ካላዛርም ይዞ ሊመለስ ይችላል።

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የደቡብ ጎንደር ሕዝብ 1 ሚሊዮን 768 ሺሕ ያህል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን 51 ሺሕ በላይ ሆነ። በአንጻሩ ደስ የሚያሰኝም ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአማራ ክልል እናት በዕድሜዋ በአማካይ ወደ 6 የሚጠጉ ልጆች ትወልድ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ይህ ከ4 በታች ወርዷል።

ታዲያ ወሊድ ከቀነሰ ሕዝቡ ስለምን ይጨምራል? ቀደም ሲል የተወለዱት ብዙ ልጃገረዶች ለወላድነት ስለሚደርሱ ነው። የዛሬ ውሳኔ ፍሬው የሚታየው በልጅ ልጅ ዘመን ነው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ነገር ግን ዕድልም ደብተር፣ ጫማና በቂ ምግብ ይሻል። ልጅ ማሳነስ ብቻውን ጎተራ አይሞላም፤ ምርጥ የድንች ዘር፣ እርከን፣ የበግ እርባታ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ድንቹና ባሕር ዛፉ ተሸጦ የተገኘው ብር ሁሉ ለቀለብ ካለቀ ለትምህርትና ለዘር መግዣ ምን ይተርፋል? ትምህርት ደግሞ ለልጆች ቢካፈል የማይጠብ ርስት ነው።

የእናትን ጉልበትም አትርሱ። በላይ በላዩ የምትወልድ እናት ደም ያንሳታል፤ ሥራዋ ይጓደላል፤ ጡት የሚጠባው ልጅም ይጎዳል። ስለዚህ ከወለዱ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት ቆይቶ ማርገዝ ይመከራል። ለዚህም ኪኒን፣ በየሦስት ወሩ የሚሰጥ መርፌ፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበርና ለዓመታት የሚያገለግል፣ ሉፕ፣ እንዲሁም ኮንዶም አለ። የሚስማማችሁን ከጤና ባለሙያ ጋር ተመካከራችሁ ምረጡ፤ ካልተመቻችሁ ለመለወጥም ሆነ ለማቆም መብታችሁ ነው። ማንም ሊያስገድዳችሁ አይገባም።

አባቶች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁን ብቻቸውን አትላኩ፤ አብራችሁ ኑና ጠይቁ። ሴት ልጆቻችሁንም ከ18 ዓመት በፊት አትዳሩ፤ ሕግም ይከለክላል፤ አካላቸውም አልጠናም።

ዛሬ ማታ ባልና ሚስት እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ይህንኑ የጥማድ ሒሳብ በራሳችሁ መሬት ሥሩት። ስንት ልጅ፣ በስንት ዓመት ልዩነት፣ በምን ገቢ እንደምታሳድጉ ተመካከሩ። ውሳኔው የእናንተ ነው፤ የእኛ ድርሻ ማስረዳትና መርዳት ነው።